የተሸለመው ተኩላ

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ቤት ከተባለ ነው እንግዲህ! የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ሁለት ያረጁ ቴሌቪዥኖች፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። ሂሳቡ በጨዋታ ነው፤ የሚከፍለውም የተሸነፈው ነው። እኛ ሴቶቹ ወደዚያ የምንላከው «እማዬ ትጠራሃለች» ብለን ወንድሞቻችንን ለማምጣት ነበር። የተላክንበትን ረስተን ጆይስቲኩን ስንጨብጥ ግን «እማዬ ትጠራሻለች» ማለት የእነሱ ተራ ይሆናል።

እዚያ ቤት ውስጥ «ምርጡ ጌም የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ኳሱ ነዋ! ሁሉም የሚጫወተው እሱን ነው። ባለቤቱም የራሱ መስፈሪያ ነበረው፤ ማታ መሳቢያውን ሲከፍት ብር ያስገባለት ጌም፣ እሱ ምርጥ ነው። ሰውዬው ይሄን ሲል ፈረንጆቹ አርባ ዓመት ሙሉ በተጨቃጨቁበት ጉዳይ ላይ አቋም እየያዘ መሆኑን አያውቅም። ብዙ የተሸጠ ጌም፣ ብዙ ስለተሸጠ ብቻ ይሸለም ወይ?

ሰሞኑን አብረን የምንጽፈው ልጆች በዚሁ ጉዳይ ቡና እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። ስላልተስማማን ታሪኩን መቆፈር ጀመርን፤ ስንቆፍር ያገኘነው ደግሞ አንዲት ነጭ ተኩላ ናት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ተኩላዋ አማተራሱ ትባላለች፤ ጌሙ ደግሞ «ኦካሚ»። በ2006 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣ ነው። የሠራው በጃፓኑ ካፕኮም ሥር የነበረው ክሎቨር የሚባል ትንሽ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ዳይሬክተሩ ሂዴኪ ካሚያ ነው። ያኔ ሌሎቹ ጌም ሠሪዎች «የእኛ ምስል ከእውነተኛው ይበልጣል» እያሉ ሲፎካከሩ፣ እነዚህ ሰዎች ዓለሙን በሙሉ በጃፓን የቀለምና የብሩሽ ሥዕል አደረጉት። ተጫዋቹ ጆይስቲኩን እንደ ብሩሽ ይይዛል። የደረቀ ዛፍ ዙሪያ ክብ ሲስል ዛፉ ያብባል፤ ሰማዩ ላይ ክብ ሲስል ፀሐይ ትወጣለች። መግደል ዋናው ሥራ በሆነበት ሙያ ውስጥ፣ የደረቀ ሜዳ አረንጓዴ ማድረግን የድል ምልክት ያደረገ ጌም ነው። አዎ፣ ወደነዋል። አንደብቅም።

ገበያው ግን አልወደደውም። አሜሪካ ውስጥ የተለቀቀው በመስከረም 2006 ነው። ገና ወር ሳይሞላው፣ በጥቅምት፣ ካፕኮም ክሎቨርን ሊዘጋው እንደሆነ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ሽልማቱ የመጣው። አይጂኤን የተባለው ትልቅ የጌም ገጽ «ኦካሚ»ን የ2006 ምርጥ ጌም አለው። መዘጋቱ ለታወጀ ቤት የምስጋና ወረቀት! ስቱዲዮው በመጋቢት 2007 በሩን ዘጋ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ «የታደለ ሳይሆን የታገለ» ብለን እናልፈው ነበር። ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ለንደን ውስጥ፣ የብሪታንያው የፊልም አካዳሚ ባፍታ የጌም ሽልማቱን ሰጠ። የዚያን ምሽት ውጤት አንድ ላይ ስናየው ክርክራችን በሙሉ እዚያው ተቀምጦ አገኘነው። የምሽቱ ምርጥ ጌም «ባዮሾክ» ተባለ። «ኦካሚ» ሁለት ሽልማት ወሰደ፤ አንዱ ለሥዕሉ፣ አንዱ ለሙዚቃው። የሚቀበልለት ስቱዲዮ ከተዘጋ ሰባት ወር ሆኖታል። ከሁሉም በላይ ብዙ ሽልማት ጠራርጎ የሄደው ግን ስድስት የወሰደው የኒንቴንዶው «ዊ ስፖርትስ» ነው።

«ዊ ስፖርትስ» በመጨረሻ ወደ 83 ሚሊዮን ቅጂ የተሠራጨ ጌም ነው። «ኦካሚ» እስከ 2009 ድረስ፣ በፕሌይስቴሽን 2 እና በዊ ተደምሮ፣ 600 ሺህ ገደማ ነበር የደረሰው። «ታዲያ ማን ይበልጣል?» ይላል የገበያው ወገን።

ቀስ እንበል። 83 ሚሊዮኑ ከየት መጣ? «ዊ ስፖርትስ» ከጃፓን ውጭ በአብዛኛው ዓለም የሚሰጠው ከማጫወቻው ጋር፣ እዚያው ካርቶን ውስጥ ነበር። ሰዉ የገዛው ማሽኑን ነው፤ ጌሙ ምራቂ ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ስልክ ስትገዙ የሚሰጣችሁ ማዳመጫ «በዓለም በብዛት የተሸጠ ማዳመጫ» ተብሎ ቢሸለም ምን ትላላችሁ? ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው እንጂ።

የሽያጭ ቁጥር ዋናው ችግርም ይሄው ይመስለናል። ሰው ጌም የሚገዛው ሳይጫወተው ነው። ሽያጭ የሚለካው ከመቅመስ በፊት ያለውን ጉጉት ነው፤ ማስታወቂያውን፣ ስሙን፣ ያለፈውን ክፍል። የሁለተኛው ክፍል ሽያጭ ብዙውን ጊዜ ለመጀመሪያው ክፍል የተሰጠ ጭብጨባ ነው።

ምስክር ካስፈለገ አታሪ አለ። በ1982 የ«ኢ.ቲ.» ፊልም ዓለምን ሲያስለቅስ፣ አታሪ ለገና ገበያ እንዲደርስ ብሎ ጌሙን አሠራ። ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ የተባለው ፕሮግራመር የተሰጠው አምስት ሳምንት ገደማ ነበር። አምስት ሳምንት! እኛ የመመረቂያ ጽሑፋችንን ርዕስ ለማጽደቅ ከዚያ በላይ ፈጅቶብናል። ጌሙ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ልብ በሉ፣ ይሄ ለዘመኑ ትልቅ ቁጥር ነው። ሰዎቹ ግን ቤታቸው ወስደው ሲጫወቱት ጉድጓድ ውስጥ እየገቡ ከመውጣት ሌላ ያገኙት ነገር አልነበረም። አታሪ ከዚያም በላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ቅጂ አትሞ ስለነበር የተረፈውና የተመለሰው ተከመረበት፤ በ1983 ከሌላ ዕቃ ጋር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በሚባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ተቀበረ። በ2014 ሲቆፈር በእርግጥም ካርትሪጆቹ ወጡ። ከሚሊዮን በላይ ሰው የገዛው ጌም ዛሬ የሚጠቀሰው ከምንጊዜም መጥፎዎቹ ተርታ ነው።

እንዲያም ሆኖ ገበያው ወደ ሽልማት መድረክ የሚገባበት በር አላጣም። ብሪታንያ ውስጥ በ1983 የተጀመረው ጎልደን ጆይስቲክ አሸናፊውን ለሕዝብ ድምፅ ሰጠ። የመጀመሪያው ዓመት ምርጥ «ጄትፓክ» ነበር። ብዙ ሰው ያልተጫወተው ጌም ብዙ ድምፅ ከየት ያመጣል? በ2003 የአሜሪካው ስፓይክ ቴሌቪዥን የራሱን ሽልማት ሲጀምር፣ የመጀመሪያው የዓመቱ ምርጥ የተባለው «ማደን 2004» ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣ የአሜሪካ ፉትቦል ጌም፣ በዚያ ዓመትም አሜሪካ ውስጥ በሽያጭ አንደኛ። የሰፈራችን ባለቤት ቢሰማ «አላልኳችሁም?» ይል ነበር።

በ2014 የተጀመረው ዘ ጌም አዋርድስ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። ዘጠና በመቶው ድምፅ የጋዜጠኞችና የሚዲያ ዳኞች ነው፤ አሥር በመቶው የሕዝብ። ሽያጭ የሚባል መስፈርት የለም። በ2023 «ሆግዋርትስ ሌጋሲ» ከ22 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሲሆን፣ እዚህ መድረክ ላይ አንድም ዕጩነት አላገኘም። ብዙ ተባለ፤ ግማሹ ስለ ጌሙ፣ ግማሹ የሃሪ ፖተር ደራሲ በተናገረቻቸው ነገሮች ምክንያት። እኛ ያንን ጌም ከምርጦቹ ተርታ አናስገባውም። «ከነጭራሹ ዕጩ አይሆንም» የሚለው ግን ትንሽ አጠያይቆናል፤ ብዙ መሸጥ ራሱ እንደ ኃጢአት እየተቆጠረ እንዳይሆን።

ምክንያቱም የዚህ ክርክር ሌላው ወገንም እውነት አለው። አንዱ ባልደረባችን እንዲህ አለ፦ «ጌም የሚሠራው ለመጫወት ነው። ወጡ ተጠራርጎ ካለቀ ጣፍጧል ማለት ነው፤ ሳይነካ የተመለሰን ወጥ ግን ዳኛ ቢያመሰግነው ምን ይረባዋል?» ወደ «ዊ ስፖርትስ» ስንመለስ ነገሩ ይገባናል። በሕይወታቸው ጆይስቲክ ነክተው የማያውቁ አያቶች ሳሎን ውስጥ ቆመው ክንዳቸውን እያወዛወዙ ቦውሊንግ የተጫወቱበት ጌም ነው። የባፍታ ዳኞች ሽልማት ከሰጡት አንዱ ለፈጠራው ነበር፤ ያ ሽልማት ይገባዋል ብለን ብንከራከር አናፍርም። የሽያጭ ቁጥር ለዳኛው «ይሄን ነገር ቀረብ ብለህ እየው፣ ሰዉ አንድ ነገር አግኝቶበታል» ሊለው ይችላል። ነጥብ መስጠት ግን የዳኛው ሥራ ነው።

ለሽያጭ ብቻ ሽልማት ይኑር ከተባለም አለ። ሶኒ ጃፓን ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በሽያጭ ብዛት ወርቅና ፕላቲነም ሲሰጥ ኖሯል። የፊልሙ መንደርም በ2024 ጎልደን ግሎብስ ላይ ገበያ ለቀናው ፊልም የተለየ ዘርፍ ከፍቶ ለ«ባርቢ» ሰጥቷል። ማን ምን እንደተሸለመ እስከታወቀ ድረስ ማንንም አይጎዳም።

የራሳችንን ነገር ደግሞ እንናገር። በዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተጫወትነው ዲስክ በሙሉ ኮፒ ነበር። ፊቱ ላይ በፓርከር ስሙ የተጻፈበት፣ ሲጫር በሸሚዝ ጫፍ የሚጠረግ። ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ ክርክር፣ ከትምህርት ቤት የተቀረበት ቀን ሁሉ የትኛውም የካፕኮምም ሆነ የሌላ ኩባንያ የሽያጭ መዝገብ ላይ የለም። ሽልማት በሽያጭ ይሁን ማለት መግዛት የሚችለው ብቻ ድምፅ ይስጥ ማለት ነው፤ እኛ እዚያ ምርጫ ላይ ስማችን አልተመዘገበም። ዳኞቹም ቢሆኑ ጠርተው ጠይቀውን አያውቁም፤ ግን ዳኛ ቢያንስ ሊሳሳት እንደሚችል ስለሚታወቅ ይጨቃጨቁታል። ቁጥርን ማን ይጨቃጨቃል?

ወደ ተኩላዋ እንመለስ። በ2008 «ኦካሚ» ለዊ ማጫወቻ እንደገና ሲታተም፣ በአሜሪካው ሽፋን ሥዕል ላይ የአይጂኤን ምልክት ሳይጠፋ ታትሞ ወጣ። አሳታሚው የራሱን ጌም ሥዕል ከሸላሚው ገጽ ላይ አውርዶ ነበር ማለት ነው! ገዢዎች ሌላ ሽፋን እንዲላክላቸው ተደረገ። በ2010 ደግሞ የጊነስ የጌም መዝገብ «ኦካሚ»ን የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብለው ከተሸለሙት ሁሉ በገበያ ያልቀናው ብሎ አሰፈረው። እንዲህ ያለ ክብረ ወሰን ማን ይመኛል?

ሽልማቱ ክሎቨርን አላዳነውም። ግን ሰው ስሙን እያነሳ ቆየ፤ በ2012 ምስሉ ታድሶ ወጣ፤ በ2017 እንደገና ለአዳዲሶቹ ማጫወቻዎች ተለቀቀና ያኔ ያልገዛው ሰው ገዛው፤ ያ እትም ብቻውን ከሚሊዮን በላይ ሄደ። ካሚያ በመሀሉ ሌላ ቤት ሠርቶ፣ በ2023 ለቀቀ።

ታኅሣሥ 2024 ላይ ዘ ጌም አዋርድስ መድረክ ላይ መብራቱ ጠፋና አንዲት ነጭ ተኩላ በሜዳ ስትሮጥ ታየች፤ በሮጠችበት አበባ እየበቀለ። የ«ኦካሚ» ተከታይ ክፍል ሊሠራ ነው፤ በካፕኮም ገንዘብ፣ በካሚያ ዳይሬክተርነት፣ ክሎቨርስ በተባለ አዲስ ስቱዲዮ። ከድሮው ስም የሚለየው አንዲት «ስ» ብቻ ናት።