ቅብ መስታወትና ቀይ ፊልም፦ በእጅ የተሣለን በብርሃን የማባዛት ታሪክ

ረዘም ላለ ጊዜ ያስተማርን ሰዎች ስቴንስልን አንረሳም። ፈተና በደረሰ ቁጥር ሰም የተቀባውን ስስ ወረቀት በጽሕፈት መኪና ላይ አስገብተን ጥያቄውን እንጽፍበት ነበር፤ ካርታ ወይም የአበባ ክፍል መሣል ሲያስፈልግም ጫፈ ሹል በሆነ ብረት ሰሙን እየጫርን እንሥልበት ነበር። ብረቱ ሰሙን በገፈፈበት ቦታ ቀለም ያልፋል፤ ሰሙ ባለበት አያልፍም። ጥበቡ ይኸው ነው። ጠንከር አድርገን የጫርን እንደሆነ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ እጃችንን ያላላን እንደሆነ ደግሞ ሠላሳኛው ተማሪ ዘንድ በሚደርሰው ወረቀት ላይ ዓባይ ከጣና ሳይወጣ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የስቴንስል የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ ነገር ግን በቀለም ፈንታ ብርሃንን የሚያሳልፍ አንድ ዘዴ ነው። መስታወት ወይም ብርሃን አሳላፊ ፊልም ብርሃን በማያሳልፍ ቅብ ይሸፈናል፤ ሠዓሊው ቅቡን እየፋቀ ወይም እየቆረጠ ሥዕሉን ያወጣል፤ ከዚያም ብርሃን በሚያጠቁረው ወረቀት ላይ ተደርቦ ፀሐይ እንዲመታው ይደረጋል። ካሜራ አያስፈልገውም። ለተማሪዎች የፎቶግራፍን ታሪክ ስንናገር ስለ ካሜራ ብቻ እንናገራለን፤ ያለ ካሜራ ስለሚሠራው ስለዚህኛው ፎቶግራፍ ግን ዝም እንላለን። ይህ ዝምታ ትክክል አይደለም እንላለን፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች እንደምናየው ብዙ ዝነኛ ሥዕሎች፣ ታላላቅ ካርታዎችና ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር ሳይቀር የተወለዱት በዚሁ መንገድ ነው። (በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት በ1834 በጄኔቫ በነበረበት ጊዜ መስታወትን ቫርኒሽ ቀብቶ በሻማ ጢስ አጠቆረው፤ ወዳጆቹም በመርፌ እንዲሥሉበት አደረገ። ይህን መስታወት ብርሃን በሚያጠቁረው ወረቀቱ ላይ ደርቦ ፀሐይ ላይ ሲያወጣው መርፌው የሄደበት መሥመር ሁሉ በወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ታተመ። በ1839 ፎቶግራፍ በይፋ ሲታወቅ ሃቬልና ዊልሞር የተባሉ የለንደን ባለሙያዎች ይህንኑ ዘዴ እንደ አዲስ ግኝት ይዘው ቀረቡ፤ ታልቦትም እኔ ቀድሜያለሁ ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ብዙ ሳይቆይ በረደ፤ ዘዴውም ተዘነጋ።

ታሪኩ በእውነት የሚደምቀው በ1853 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በአራስ ከተማ ነው። በዚያ ሦስት ወዳጆች ነበሩ፤ ዱቲዩ የተባለ ሠዓሊ፣ ኩቨልዬ የተባለ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወድ ባለፋብሪካ፣ እንዲሁም ግራንጊዮም የተባለ የሥዕል አስተማሪ። (ከሦስቱ አንዱ መምህር መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ የሙያ ጓደኞቻችን ይቅር አይሉንም።) እነዚህ ሰዎች መስታወቱን በማተሚያ ቀለም ሸፍነው በላዩ ነጭ ዱቄት ይነሰንሱበትና ከሥሩ ጥቁር ጨርቅ ያነጥፉ ነበር። በዚህም የተነሣ ሠዓሊው ቅቡን በመርፌ ሲፍቅ ከሥር ያለው ጥቁር ጨርቅ ብቅ ስለሚል፣ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የሚሥል ይመስለዋል። እንደ ለመደው ይሥላል፤ የቀረውን ፀሐይ ትሠራለታለች።

ወደ አራስ ይመላለስ የነበረው ታዋቂው የገጠር ሥዕል ሠዓሊ ካሚ ኮሮ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 57 ዓመት ገደማ ነበር። በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ የመቅረጽ ሥራ ብዙ ዝግጅትና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መስታወቱ ግን ለኮሮ ፈጣን እጅ ተስማማ። እስከ ኋለኛው ዕድሜው ድረስ ከ60 በላይ ሥዕሎችን በዚህ ዘዴ ሠራ። ደላክሯ በ1854 አንድ ነብር ሣለ። የኩቨልዬ ልጅ በ1859 ከባርቢዞን መንደር ሚስት አገባና ጥበቡን ወደዚያ ይዞት ሄደ፤ በመንደሩ ዙሪያ የነበሩት ሚሌና ቴዎዶር ሩሶም (ፈላስፋው ሩሶ እንዳይመስለን) ሞከሩት፤ ዶቢኚም በ1862 ብዙ ሠራበት።

ከዚህ ላይ ለሣይንስ ትምህርት የሚስማማ አንድ ነገር አለ። የተሣለበት የመስታወቱ ገጽ ወረቀቱን ነክቶ ከታተመ መሥመሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ሥዕሉ ግን በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ፊት ቀኝና ግራው ይለዋወጣል። መስታወቱ ከተገለበጠ ደግሞ ቀኝና ግራው እንደ ተሣለው ይሆናል፤ ነገር ግን ብርሃኑ በመስታወቱ ውፍረት ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበተን መሥመሩ ይለሰልሳል፤ ዛፉም በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። ኮሮ አንዳንድ ሥዕሎቹን በሁለቱም መንገድ አሳትሟል። ሌላው ሰው ስሕተት ብሎ የሚጥለውን እርሱ ውበት አድርጎ ወሰደው።

ይሁን እንጂ ገበያው አልተቀበለውም። የኅትመት ሥዕል ሰብሳቢዎች ፎቶግራፍ ነው ብለው ናቁት፤ ፎቶግራፍ ወዳዶች ደግሞ ሥዕል ነው አሉት። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከፋበት ነገር ግን ጥንካሬው ነው። የመዳብ ሰሌዳ በታተመ ቁጥር እያለቀ ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ይወደዳሉ፤ ብርሃን ግን መስታወቱን አይፍቀውም። ስለዚህ አንደኛውና ሺኛው ቅጂ እኩል ናቸው። ብርቅ ያልሆነን ነገር ማን በውድ ይገዛል? ኮሮ ከሞተ ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ1921፣ ከተረፉት መስታወቶች 40 ሥዕሎች በፓሪስ እንደ ገና ሲታተሙ ከሽማግሌው እጅ ገና የወጡ ይመስሉ ነበር።

መስታወት ግን ከባድ ነው፤ ይሰበራልም። ከ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የወጡት የፕላስቲክ ፊልሞች ቀላል ቢሆኑም የየራሳቸው ጠንቅ ነበረባቸው። የመጀመሪያው በቀላሉ እሳት የሚይዝ ሲሆን ተከታዩ በሙቀትና በእርጥበት የሚሳሳብ ነበር። በ1941 በእንግሊዝ አገር ዊንፊልድና ዲክሰን ያገኙት ፖሊስተር በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊልም መልክ ሲሠራ ነው ነገሩ የተለወጠው። ፖሊስተር አይቀደድም፣ አይጨማደድም፣ መጠኑንም በቀላሉ አይለውጥም።

መጠኑን አለመለወጡ በተለይ ለካርታ ሠሪዎች ትልቅ ነገር ነበር። በካርታ ላይ ወንዙ በአንድ ፊልም፣ መንገዱ በሌላ፣ የከፍታው መሥመር በሦስተኛ ተሠርቶ እያንዳንዱ በየራሱ ቀለም ይታተማል። አንዱ ፊልም ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳብ መንገዱ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ባለሙያው ቅብ ባለው ፊልም ላይ በቆመች ትንሽ ባለሦስት እግር መሣሪያ ጫፍ ላይ የብረት ወይም የሰንፔር መርፌ አድርጎ ቅቡን እየፋቀ ይሄድ ነበር፤ የፋቀውም ፊልም ያለ ካሜራ በቀጥታ ኔጋቲቭ ይሆናል። የስዊዘርላንድ የካርታ መሥሪያ ቤት በ1953 የመዳብ ቅርጹን ትቶ ወደዚህ ዘዴ ገባ፤ ነገር ግን ፊልሙን አላመነውምና ለትክክለኛነቱ ሲል ከመስታወቱ ጋር ቆየ። በዚህ ረገድ የኮሮን መስታወት የወረሱት ካርታ ሠሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ቀዩ ፊልም እንምጣ። የሚቆረጠው ነገር ለእጅና ለዓይን ምቹ እንዲሆን ከሥሩ ያለው ንድፍ መታየት አለበት፤ ለኅትመት ግን ብርሃን ማገድ አለበት። ይህ እንዴት ይታረቃል? መልሱ ቀይ ቀለም ነው። ለኅትመት የሚያገለግሉት ፊልሞች ሰማያዊና ወደ እርሱ የሚቀርቡ ጨረሮችን እንጂ ቀዩን አያዩም፤ በፎቶግራፍ ጨለማ ክፍል ቀይ መብራት የሚበራውም ስለዚህ ነው። ስለሆነም በፖሊስተር ላይ የተለበጠ ስስ ቀይ ቅብ ለሰው ዓይን መስኮት፣ ለኅትመቱ ፊልም ግን ግድግዳ ነው። የአሜሪካው የኡላኖ ኩባንያ ሩቢሊዝ ብሎ የሸጠው ፊልም ይህ ነው። ባለሙያው ቀዩን ቅብ ብቻ በስስ ቢላዋ ይቆርጣል፤ ከሥር ያለውን ፖሊስተር አይነካም፤ ከዚያም የማይፈለገውን ቁራጭ በወረንጦ ይዞ ይልጠዋል። የማስታወቂያ ሥዕል፣ የመጽሐፍ ሽፋንና በልብስ ላይ የሚታተም ምልክት ለብዙ ዓመታት እንዲህ ተሠርቷል።

ከዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው የኮምፒዩተር ልብ የተቆረጠው። በሲሊኮን ቅንጣት ላይ የሚሠራ የኤሌክትሮኒክ ዑደት ብዙ ድርብርብ ንድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዱም እንደ ካርታው የራሱ ጭንብል ያስፈልገዋል። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጭንብሎቹ በመቶዎች እጥፍ አድገው በቀይ ፊልም ላይ በእጅ ይቆረጡና በፎቶግራፍ ይቀነሱ ነበር። የኢንቴል ኩባንያ በኅዳር ወር 1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተባለው ማይክሮፕሮሰሰር 3 በ4 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ቅንጣት ላይ 2300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። ለምሳሌ በ400 እጥፍ ይደግ ብንል ንድፉ 1.2 በ1.6 ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም የአንድ ትልቅ ጠረጴዛ ስፋት ነው። በዚያ ስፋት ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ተቆርጠው ይላጣሉ። ሳይላጥ የተረሳ አንዲት ቁራጭ፣ ወይም ወድቃ በሌላ ቦታ የተጣበቀች አንዲት ቅራፊ መሥመር ትዘጋለች፤ ያን ጊዜ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ፊልሙ ከንድፉ ጋር እየተነጻጸረ ቀን ከሌት ይመረመር ነበር።

የንድፉን ሥራ የመራው ጣሊያናዊው ፌዴሪኮ ፋጂን የመጀመሪያዎቹን የሲሊኮን ዝርግ ሳሕኖች በ1970 ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ተቀብሎ ሲፈትናቸው አንድም የሚሠራ አላገኘም። በአጉሊ መነጽር ሲመረምር በፋብሪካው ከጭንብሎቹ አንዱ ጨርሶ ሳይደረብ መቅረቱን አወቀ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጥር 1971፣ ሁሉም ጭንብል በተራው ተደርቦ ሲሠራ ቅንጣቱ ነፍስ ዘራ።

ፋጂን የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደሎች በቅንጣቱ ጠርዝ ላይ አስፍሯል፤ ዛሬም በአጉሊ መነጽር ይነበባሉ። በቢላዋና በወረንጦ የቆረጡት ሠራተኞች፣ ብዙዎቹም ሴቶች፣ ስማቸው በቅንጣቱ ላይ የለም፤ በታሪክ መጻሕፍትም እምብዛም አይገኝም። የኮሮ መስታወት በስሙ ተጠብቆ ለ1921 ሲደርስ፣ ቀዮቹ ፊልሞች ግን ቁጥራቸው ከጨመረው ትራንዚስተር ጋር መራመድ ስላልቻሉ በኮምፒዩተር በሚመራ መሣሪያ ተተኩ፤ ብዙዎቹም ተጣሉ። ተማሪዎቻችን ኮምፒዩተር የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው ብለው ሲያስቡ አንፈርድባቸውም፤ የመጀመሪያውን የቆረጠው ማን እንደሆነ የነገርናቸው የለምና።

ቀዩ ፊልም ከብዙ ጠረጴዛዎች ቢጠፋም ጥላው ቀርቷል። በአንዳንድ የሥዕል ማስተካከያ ፕሮግራሞች የምስሉ አንድ ክፍል እንዳይነካ ሲከለል ቦታው በሚያሳልፍ ቀይ ቀለም ይሸፈናል። ሠዓሊዎችም ገጹ ሻከር ባለ ብርሃን አሳላፊ ፊልም ላይ በእርሳስና በጥቁር ቀለም እየሣሉ በብርሃን ወደ ማተሚያ ሰሌዳ ማሳለፋቸውን አልተዉም።

የሥዕልና የኬሚስትሪ መምህራን ተባብረው በክፍል ሊሞክሩት ይችላሉ። ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ ቁራጭ መስታወት፣ ጥቁር ቀለም፣ መርፌ፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሳይሆን ተራ ተማሪ የሚይዘው ብሩሽና ጆን ኸርሸል በ1842 ባገኘው ሰማያዊ የቅጂ ዘዴ የተዘጋጀ ወረቀት ይበቃሉ። ተማሪው የደረቀውን ቀለም እየፋቀ ጎጆና ዛፍ ይሣል። አንዱን ቅጂ የተቀባውን ገጽ ወደ ታች፣ ሌላውን ወደ ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ያቆዩትና ወረቀቶቹን በውሃ ይጠቡ። ከዚያም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የትኛው ዛፍ በጭጋግ ውስጥ እንደቆመ፣ የትኛውስ ጎጆ በሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዳዞረ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይናገሩ።