ፍሬም ሬት
ፍሬም ሬት፦ ቪዲዮ በአንድ ሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት። በልደታ ማርያም የግንቦት 1 ንግሥ የተቀረጸ ሽብሸባ በኤዲቲንግ ሲዘገይ የሚንገጫገጨው አብዛኛውን ጊዜ በፍሬም ሬቱ ማነስ ምክንያት ነው። በ25 ፍሬም የተቀረጸ የ10 ሰከንድ ክሊፕ 250 ምስል አለው። ፍጥነቱ ወደ 50 በመቶ ሲወርድ 20 ሰከንድ ይሆናል፤ ሶፍትዌሩም ክፍተቱን ለመሙላት እያንዳንዱን ምስል ሁለት ጊዜ ያሳያል። መፍትሔው ከካሜራው ይጀምራል፦ ሊዘገይ የታሰበውን በ50 ፍሬም ቀርጾ ታይምላይኑን 25 ላይ ማድረግ። በ25 ለተቀረጸው በፕሪሚየር ፕሮ «ኦፕቲካል ፍሎው» ይሞከር፤ የጎደሉትን ምስሎች ገምቶ ይሠራል፣ በፍጥነት የሚወዛወዝ የከበሮ መቺ እጅ ግን ሊዛባበት ይችላል። የዝማሬው ድምፅ ግን በራሱ ፍጥነት ለብቻው ይቀመጥ። ንግሡ በዓመት አንዴ ነውና የካሜራው ቅንብር ከዋዜማው ይፈተሽ።