የጉዞ ወኪል ክፍያ የምን ዋጋ ነው?



ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ፍለጋ የሄደ ሰው ደላላን በሚገባ ያውቀዋል። ዕቃው የትኛው ሱቅ እንዳለ፣ ኦሪጅናሉ ከቅጂው በምን እንደሚለይ ደላላው ያውቃል። ዕውቀቱ ጊዜ ስለሚቆጥብ ዋጋ አለው። ዕቃው በሳምንቱ ሲሰበር ግን አንዳንዱ ደላላ አይገኝም። ኮሚሽኑን ወስዷል፤ ኃላፊነቱን አልወሰደም። በዛሬው ዝግጅታችን ይህንኑ ጉዳይ ከታላቁ ጉዞ፣ ከሐጅ ታሪክ አንጻር እንመለከታለን።

አያቶቻችን ወደ መካ የሚሄዱት ከቅፍለት ጋር ወደ ምጽዋ፣ ታጁራ ወይም ዘይላ ወርደው፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን በጀልባ ተሻግረው ነበር። በ1917 (እ.ኤ.አ.) የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የየብሱ ድካም ቀለለ። በኋላም አውሮፕላን የወራቱን መንገድ ወደ ሰዓታት አሳጠረው። ይሁን እንጂ መንገዱ ቢያጥርም እንግዳነቱ አልቀረም። ስለዚህም ጅዳ ላይ ወኪል፣ መካ ላይ ደግሞ ሙጠዊፍ የሚባለው መሪ ሐጃጁን ይቀበሉት ነበር። ሙጠዊፉ ማደሪያ ይፈልጋል፣ የግመል ኪራይ ይነጋገራል፣ የጠዋፉን ሥርዓት ያሳያል። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። ደጉ ሙጠዊፍ ለእንግዳው እንደ ዘመድ ሲሆንለት፣ ስግብግቡ ግን ስንቁን ያራቁተው ነበር።

በሕንድም ችግሩ የከፋ ነበር። የቦምቤይ ደላሎች ሐጃጆችን በተጨናነቁ መርከቦች ላይ እያሳፈሩ ብዙ ገንዘብ ይቀበሏቸው ነበር። የእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት ይህን ለማስተካከል በ1886 (እ.ኤ.አ.) የታወቀውን የጉዞ ድርጅት ቶማስ ኩክን የሐጅ ጉዞ ወኪል አድርጎ ሾመው። ሆኖም ሥራው ኪሳራ አስከተለ፤ ስምምነቱም በ1893 አበቃ። ከዚህ የምንረዳው ሥርዓት ያለው አገልግሎት ወጪ እንዳለው ነው። ከልክ በላይ ርካሽ የሆነ ጉዞ ሲቀርብልን አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ መጠርጠር ይገባል።

የጎደለው ነገር ምን ሊያስከፍል እንደሚችል በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሐጅ ታይቷል። በመካ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ነበር። የሳዑዲ ባለሥልጣናት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም 83 በመቶው የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆኑን ገልጸዋል። ፈቃድ የሌለው ሰው የሚያርፍበት ድንኳንም የሚሳፈርበት አውቶቡስም ስላልነበረው በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጓዘ። የግብፅ መንግሥት በዚህ ሰበብ የ16 የጉዞ ድርጅቶችን ፈቃድ ሰርዟል። ድርጅቶቹ ሐጃጆቹን የላኩት ወደ መካ ለመግባት በማያስችል የጉብኝት ቪዛ ነበር።

ከእነዚያ ሟቾች ብዙዎቹ የሕጋዊውን ጉዞ ዋጋ መክፈል አቅቷቸው ርካሹን የመረጡ ነበሩ። ናፍቆታቸው ይገባናል። ነገር ግን ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በሚችል ሰው ላይ ብቻ ነው። አቅም ያጣ ሙስሊም በአላህ ዘንድ ዑዝር አለው፤ ሕይወቱን ለሐሰተኛ ወኪል አሳልፎ እንዲሰጥ ማንም አላዘዘውም።

ዑለሞች እንደሚያስተምሩት የደላላና የወኪል ክፍያ ሐላል ነው። ክፍያው አስቀድሞ የታወቀ፣ ሥራውም ከማታለል የጸዳ መሆን አለበት። ወኪል ባለ አማና ነውና።

በሀገራችን የሐጅ ጉዞ የሚመራው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) በኩል ነው። ለዑምራም ሆነ ለሌላ ጉዞ ወኪል ዘንድ ስንሄድ ግን ገንዘብ ከመቁጠራችን በፊት እንጠይቅ፦ ቪዛው የምን ቪዛ ነው? ማደሪያው ከሐረም ምን ያህል ይርቃል? ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘባችን ይመለሳል ወይ? ብንታመም ማን ይደርስልናል? መልሱን በጽሑፍ፣ ክፍያውን በደረሰኝ እንቀበል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ወኪል ክፍያው ይገባዋል። መልስ የሌለው ግን በነፃ ቢወስደንም ውድ ነው።

አላህ ጉዟችንን የተቃና ያድርግልን።