ካሜራ ከመግዛት በፊት፤ ከመቅደላ እስከ ገረሴ

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ የሚያነሱ መሐንዲሶችም ነበሩት። ካሜራው ከነመስታወት ሰሌዳውና ከነኬሚካሉ በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ ነው ዳገቱን የወጣው። ያን ጊዜ ካሜራ እዚህ አገር ተራ ሰው የሚያገኘው ዕቃ አልነበረም። በምኒልክ ዘመን መጨረሻ ደግሞ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ።

ደቡቡ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ ገባ፤ የገባውም በሌላ ሰው ዐይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒዩስ ተቋም ተመራማሪዎች የጋሞን ደጋ ጨምሮ ደቡብ ኢትዮጵያን እየዞሩ አጥንተዋል፤ ያነሷቸው ፎቶዎች ዛሬም የሚገኙት ጀርመን አገር ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚያው በጋሞ፣ ገረሴ ላይ አንድ ወጣት ገንዘብ አጠራቅሞ ካሜራ ልግዛ ሲል ነገሩን እንደ ቅንጦት አላየውም። የአያቶቹን ፊት ሌሎች አንስተው ወስደዋል፤ የልጆቹን እሱ ራሱ ማንሳት ይችላል።

ታዲያ የትኛውን ይግዛ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ቦዲው፣ ማለትም ስለ ካሜራው አካል ነው፤ ስንት ሜጋፒክስል፣ የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል እያለ። የካሜራ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። ቦዲ ያረጃል፤ የሚዘልቀው ሌንሱና የሌንሱ መግጠሚያ ነው። ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ትንሽ ካሜራ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ብዙ መግጠሚያ መጥቶ ሄዷል። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ኤፍ መግጠሚያ እስከ ዲጂታሉ ዘመን ዘልቋል። ካኖን ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ኢኦኤስን ሲያወጣ ኤፍዲ የተባለውን የቀድሞ መግጠሚያ ጥሎ ኢኤፍን ጀመረ፤ ኤፍዲ ሌንስ የገዙ ሰዎችም ሌንሳቸው በአዲሱ ቦዲ ላይ አልገጥም አላቸው። በቅርቡም ይኸው ደርሷል። ኒኮን 1 የተባለው ትንሽ ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ በ2018 ቀረ። የካኖን ኢኤፍ ኤም እ.ኤ.አ. በ2012 ተጀምሮ በ2023 ቆመ። እነዚህ ሁለቱ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ በርካሽ ሲቀርቡ ያጓጓሉ፤ አዲስ ሌንስ የማይሠራላቸው በመሆኑ ለጀማሪ አልመክራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ2018 ካኖን አርኤፍ፣ ኒኮን ደግሞ ዜድ የተባሉ አዳዲስ መግጠሚያዎችን አወጡ። ሁለቱም የመስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ መግጠሚያዎች ናቸው። መስታወቱ ሲወጣ በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት ያጥራል፤ በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊ ሜትር የነበረው በዜድ 16 ብቻ ነው። የድሮ ሌንስ በአዳፕተር አዲሱ ላይ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአዲሱ ሌንስ ግን ወደ ድሮው አይመለስም። ከዘመድ ዜኒት የተባለውን የድሮ ካሜራ የወረሰ ሰውም ሌንሱን አይጣል፤ ፎከሱን በእጁ እያዞረ ሊሠራበት ይችላል።

ይህን ወደ ገረሴ እናምጣው። ደጋ ነው፤ ጉም አለ፤ ጎጆው ውስጥ ጨለማ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ባለ መስታወቱ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ 1,550 ያህል ፎቶ እንደሚያነሳ ተለክቷል፤ መስታወት አልባው ሶኒ ኤ6000 ግን 360 ገደማ ነው። መስቀል ሲከበር ቀኑን ሙሉ ለሚዞር ሰው ይህ ልዩነት ከሜጋፒክስል ይበልጣል።

የብርሃኑ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። ከካሜራው ጋር የሚሸጠው ሌንስ ሲያቀርቡበት አፐርቸሩ 5.6 ላይ ይወርዳል። 1.8 የሚከፍት ሌንስ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ምድጃ ዳር የተቀመጠች እናት ፊቷ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ነው፤ ፍላሽ ቢበራ ግን የቤቱ ድባብ ይጠፋል። ጎጆ ውስጥ ወደ ኋላ መሸሻ ስለሌለ፣ ሴንሰራቸው አነስ ባሉት በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ከ50 ይልቅ 35 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል።

ስልክ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። ለብዙው ነገር ይበቃል። መስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው በተቆጣ ወጣት ፊት ሲንበረከኩ የታየበት ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ አገር አዳርሷል፤ ትልቁ ነገር ቦታው ላይ ሰው መገኘቱ ነበር። ካሜራ የሚያስፈልገው ለጨለማው፣ ለርቀቱና በትልቁ ለሚታተመው ፎቶ ነው።

እንግዲህ ከገረሴ ለሚጠይቀኝ ጀማሪ መልሴ ይህ ነው። ያገለገለ የካኖን ኢኤፍ ወይም የኒኮን ኤፍ ቦዲ ግዛ፤ ሌንሱ ነገ በአዳፕተር ወደ አዲሱ መግጠሚያ ይሻገርልሃል፤ ጓደኛህ ወይም የአካባቢህ ፎቶ ቤት የትኛውን እንደያዘ አይተህ ያንኑ ምረጥ፤ ሌንስና ቻርጀር ትዋዋሳላችሁ። ኒኮን ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ የድሮዎቹ ኤኤፍ ዲ ሌንሶች ሞተር በሌላቸው በ3000ዎቹና በ5000ዎቹ ቦዲዎች ላይ ራሳቸው ፎከስ አያደርጉም። ከመክፈልህ በፊት ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንተህ ሻጋታ መኖር አለመኖሩን እይ። ከቦዲው ላይ የቆጠብከውን ብር በ35ቱ ሌንስ፣ በሁለተኛ ባትሪና ፎቶውን በምታስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ ላይ አውለው። ያነሳሃቸውን አባቶች ስምና ቀኑን ጽፈህ አስቀምጥ፤ አንድ አንድ ፎቶም አሳጥበህ ስጣቸው።