ማረጋጊያ ያለው ሌንስ፦ ለምኑ ነው የምንከፍለው?

ታናሽ ወንድሜ የሰርግ ፎቶ እያነሳ ባጠራቀመው ገንዘብ ያገለገለ ሌንስ ሊገዛ ነው። ሁለት ምርጫ አግኝቷል። ሁለቱም ካነን የሠራቸው ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ዙሞች ናቸው፤ የተጠየቀባቸው ዋጋም ተቀራራቢ ነው። አንደኛው ኤፍ 2.8 ነው፤ ብርሃን በደንብ ያስገባል፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስተካክል ማረጋጊያ ግን የለውም። ሁለተኛው ኤፍ 4 ነው፤ የሚያስገባው ብርሃን የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል ነው፣ ግን ማረጋጊያ አለው። «አንተ ኢንጂነር ነህ አይደል? የቱን ልግዛ?» አለኝ።

ጥያቄው የዛሬ ይምሰል እንጂ ሥሩ ሩቅ ነው። እስኪ እ.ኤ.አ. ወደ 1838 እንመለስ። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር ከመስኮት ሆኖ አንድ የፓሪስ ጎዳና ፎቶ አነሳ። ካሜራው ንቅንቅ አላለም፤ ቤቶቹም ዛፎቹም ጥርት ብለው ወጡ። መንገዱ ግን ባዶ ይመስላል! ፎቶው ደቂቃዎች ስለወሰደ የሚንቀሳቀሰው ሰውና ጋሪ ሁሉ ጠፍቷል። በጉልህ የሚታየው ጫማውን ለማስጠረግ ባለበት የቆመ አንድ ሰው ነው።

ይህችን ፎቶ ያዟት። ፎቶ ብዥ የሚለው በሁለት ምክንያት እንደሆነ ታስተምረናለች፤ ወይ ካሜራው ይንቀሳቀሳል፣ ወይ የሚነሳው ነገር። ዳጌር የመጀመሪያውን ችግር አስወግዷል፤ ሁለተኛው ግን ቀርቷል።

በኋላ ፊልም ፈጣን ሲሆን፣ ካሜራም ከቆመበት ወርዶ እጅ ላይ ሲገባ፣ የእጃችን መንቀጥቀጥ ዋና ጣጣ ሆነ። ሌንሱ ሩቁን ባቀረበ ቁጥር መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል። ስለዚህ ፎቶ አንሺዎች ቀላል መመሪያ አወጡ፦ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስታነሱ ቢያንስ በ1/200 ሰከንድ አንሱ።

ይህን ገደብ የሚያላላ መሣሪያ ለተራው ገዢ የደረሰው በ1990ዎቹ ነው። በ1994 ኒኮን ማረጋጊያ ያላት ትንሽ የፊልም ካሜራ አወጣ። በ1995 ደግሞ ካነን ማረጋጊያ ያለው ከ75–300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለገበያ አቀረበ፤ ለተቀያያሪ የፎቶ ካሜራ ሌንስ የመጀመሪያው ነበር።

እንዴት ነው የሚሠራው? በሌንሱ ውስጥ በፍጥነት የሚርገበገቡ ጥቃቅን ጋይሮ ሴንሰሮች አሉ። እጃችን ካሜራውን ትንሽ ሲያዞረው፣ ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ በ1835 የገለጸው ኃይል የሚርገበገበውን አካል ወደ ጎን ይገፋዋል። ሴንሰሩ ያንን ለክቶ ለትንሽ ኮምፒውተር ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም በኤሌክትሮማግኔት አንድ የሌንስ ክፍል ወደ ተቃራኒው ያንሸራትታል። እጃችን ዘወር ቢልም ምስሉ ቦታውን አይለቅም። በ2003 ሚኖልታ በዲማዥ ኤ1 ካሜራው ሌላ መንገድ አሳየ፦ ሌንሱን ትቶ ሴንሰሩን ማንቀሳቀስ። ካሜራችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ማረጋጊያ ካለ ለሌንሱ ተጨማሪ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። የወንድሜ ካሜራ ግን የለውም።

አሁን ወደ ስሌቱ። የኤፍ 4ቱ ማረጋጊያ እስከ አራት እርከን እንደሚያግዝ አምራቹ ይናገራል። አንድ እርከን ማለት ጊዜውን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ 1/200 ሰከንድ ወደ 1/12 ገደማ ይወርዳል። ኤፍ 2.8ቱ ያለው ብልጫ አንድ እርከን ብቻ ነው። አራት ለአንድ! ማረጋጊያው ያሸነፈ ይመስላል አይደል?

ቆይ። ዳጌርን አስታውሱ። ማረጋጊያ የሚያስተካክለው የእኛን እጅ እንጂ የሰውን ትከሻ አይደለም። በ1/12 ሰከንድ እስክስታ ብታነሱ ግድግዳው ጥርት ይላል፣ ጨፋሪው ጭስ ይሆናል። አዳራሹ ደብዝዞ ኤፍ 4ቱ በ1/125 ሲወሰን፣ ኤፍ 2.8ቱ 1/250 ይሰጣል። ትከሻን የሚያስቆመው ይሄ ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ መልስ አልሰጠሁትም፤ የቤት ሥራ ሰጠሁት። «የተበላሹብህን ፎቶዎች አውጣና ከጀርባ ያለውን መጋረጃ እይ» አልኩት። መጋረጃውም ሰውየውም ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ ጥፋቱ የእጅህ ነው፤ ማረጋጊያውን ግዛ። መጋረጃው ጥርት ብሎ ሰውየው ብቻ ብዥ ካለ፣ ማረጋጊያ አያድንህም።

ማታውን ቁጭ ብሎ ለያቸው። አብዛኞቹ ላይ መጋረጃው ጥርት ብሏል፤ ብዥ ያሉት ትከሻዎቹ ናቸው። ኤፍ 2.8ቱን ገዛ። ከ1.3 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከሰርግ ሲመለስ ክንዱን እያሻሸ ነው። ሥራው ቆመው ንግግር የሚያደርጉ ሰዎችን፣ ወይም ሲመሽ ተራራና ሕንፃ ማንሳት ቢሆን ኖሮ ግን ሌላኛውን ግዛ እለው ነበር።