መጠበቅ በሁለት ፍቺው፦ የሰርቨርና የዳታቤዝ ክትትል ታሪክ ከሳን ሆዜ እስከ ኦክላንድ

በአማርኛ «መጠበቅ» የሚለው ግስ ሁለት ፍቺ አለው፤ ማማ ላይ ወጥቶ ሰብሉን ከወፍና ከዝንጀሮ የሚከላከል ገበሬ «ይጠብቃል» ይባላል፣ ወረፋ ይዞ ተራው እስኪደርስ የቆመ ባለጉዳይም እንዲሁ «ይጠብቃል» ይባላል። ንግድ ቤቶች ሰርቨሮቻቸውንና ዳታቤዞቻቸውን የሚከታተሉባቸው ሶፍትዌሮች ታሪክ ከመጀመሪያው ፍቺ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው የተጓዘ ታሪክ ነው፤ ሙያው ማሽኑን በመጠበቅ ጀመረ፣ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላም ሰው ማሽኑን ምን ያህል እንደሚጠብቅ መቁጠርን ተማረ። ሰርቨር ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ዳታቤዝ ወይም የመረጃ ቋት ደግሞ መዝገብ ተደራጅቶ የሚቀመጥበትና በጥያቄ የሚወጣበት ሥርዓት ነው፤ በኢትዮጵያ ባንኮች መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ታውኳል ማለት ነው። የዚህ ጉዞ ወሳኝ ምዕራፎች የተጻፉት በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ በደቡብ ካለችው ከሳን ሆዜ አንሥቶ በምሥራቁ ዳርቻ እስካለችው እስከ ኦክላንድና ጎረቤቷ በርክሌይ ድረስ ባለው ምድር ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው ከአንዱ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይቢኤም የተባለው ኩባንያ በ1952 በሳን ሆዜ የምርምር ቤት ከፈተ፤ ከዚያ ቤትም በ1956 ራማክ የተሰኘው ማሽን ወጣ። የራማክ የመረጃ ማስቀመጫ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 የሚሽከረከሩ ዲስኮች የያዘ፣ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ሣጥን ሲሆን፣ በጠቅላላው የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደላትና አኃዞችን ነበር። በዚያ ዘመን ለብቻው የተሠራ የክትትል ሶፍትዌር አላስፈለገም፤ ማሽኑ አንድ፣ ሥራውም በተርታ የሚሄድ ስለነበረ፣ ጠባቂው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳውን መብራቶች የሚያይ ሠራተኛ ነበር። ነገሩን የለወጠው በዚያው በሳን ሆዜ ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 ያሳተመው ጥናት ነው። ኮድ መረጃ በሠንጠረዥ መልክ ተደርድሮ እንዲቀመጥ፣ ጠያቂውም መረጃው የት እንዳለና በምን መንገድ እንደሚደረስበት ሳያውቅ የሚፈልገውን ብቻ እንዲናገር ሐሳብ አቀረበ፤ በዚህ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ሲስተም አር የተባለው የአይቢኤም ሙከራ ዛሬ ኤስኪውኤል ተብሎ የሚታወቀውን የጥያቄ ቋንቋ አስገኘ።

የክትትል ሙያ ሥር የሰደደው እዚህ ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። መንገዱ ከጠያቂው ሲሰወር ምቾት ተገኘ፤ ነገር ግን ያው ጥያቄ ዛሬ በቅጽበት፣ ነገ በደቂቃዎች ሲመለስ፣ ጠያቂው ምክንያቱን የሚያውቅበት መስኮት አልነበረውም። ስለዚህ ዳታቤዙ ራሱ በውስጡ የሚያደርገውን እንዲናገር ማስገደድ ግድ ሆነ። የኮድ ጥናት ታትሞ ለሁሉም የተዳረሰ ስለነበረ፣ በ1973 በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ ኢንግረስ የተባለውን ዳታቤዝ መሥራት ጀመሩ፣ በ1977 ደግሞ ላሪ ኤሊሰን፣ ቦብ ማይነርና ኤድ ኦትስ በሳንታ ክላራ በኋላ ኦራክል የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። በ1984 በበርክሌይ የተመሠረተው ሳይቤዝ ወደ ኦክላንድ አጠገብ ወደ ኤመሪቪል ተሻግሮ አደገ፤ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨርም የተወለደው ከእርሱ ነው።

ቴሌግራፍ ጎዳና፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ምግብ ቤቶቹ ብዙ አበሻ የሚያውቀው፣ ከኦክላንድ መሐል ከተማ ተነሥቶ በርክሌይ በሚገኘው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያበቃል። በዚያ ደጃፍ ውስጥ የተሠራው ሥራ በገበያው ታሪክ ውስጥ ከሚሰጠው ቦታ የላቀ ይገባዋል። ዩኒክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ሀብት ለፕሮግራሞች የሚያከፋፍለው መሠረታዊ ሶፍትዌር፣ በበርክሌይ ሲሻሻል የማስታወሻውን አጠቃቀምና የአንጎለ ኮምፒውተሩን ሥራ በየሰከንዱ የሚያሳይ ቪኤምስታት የተባለ ትእዛዝ ተጨመረለት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ኤሪክ ኦልማን የኢሜይል ማመላለሻ ፕሮግራም ሲጽፍ፣ ፕሮግራሞች የገጠማቸውን ሁሉ ወደ አንድ መዝገብ የሚልኩበትን ሲስሎግ የተባለ ሥርዓት አብሮ ሠራ። ሲስሎግ መልእክቶችን እንደ ክብደታቸው በስምንት ደረጃ ይከፍላል፤ ከሁሉ የከበደው የአደጋ ጊዜ መልእክት 0፣ ለፕሮግራም አራሚ ብቻ የሚጠቅመው ዝርዝር 7 ይባላል። ይህ አከፋፈል እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሰርቨሮችና በኔትወርክ መሣሪያዎች ውስጥ ይሠራል።

ማሽኖቹ ሲበዙ አንዱን ብቻ ማየት በቂ አልሆነም። በ1988 የወጣው ኤስኤንኤምፒ የተባለ ስምምነት አንድ ማዕከል በኔትወርክ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች በየተራ እየጠየቀ ሁኔታቸውን እንዲሰበስብ አስቻለ፤ የፓሎ አልቶው ኤችፒም ኦፕንቪው በተባለው ሶፍትዌሩ ይህን ለትልልቅ ድርጅቶች ሸጠ። በ2000 ገደማ ደግሞ በበርክሌይ ማት ማሲ ጋንግሊያ የተባለውን የክትትል ሥርዓት ጀመረ። ጋንግሊያ ስሙን ያገኘው ከነርቭ ሕዋሳት ቋጠሮዎች ነው፤ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም የራሱን ሁኔታ ለጎረቤቶቹ ያሳውቃል፣ ስለዚህ አንዱ ማሽን ቢወድቅ እንኳ የቀሩት ስለ እርሱ የመጨረሻውን ወሬ ይይዛሉ። እንዲህ ያለው ክትትል ምን ያህል እንዳስፈለገ ለመረዳት በዚያው ዘመን መሐል ኦክላንድ ውስጥ የነበረውን ነርስክ የተባለውን የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የሳይንስ ኮምፒውተር ማዕከል ማየት ይበቃል፤ ማዕከሉ በ2015 ወደ በርክሌይ ኮረብታ እስኪመለስ ድረስ በኦክላንድ ካሠራቸው ማሽኖች መካከል ሆፐር የተባለው ብቻ ከ150 ሺህ በላይ የማስሊያ እምብርቶች ነበሩት። ይህን ያህል እምብርት በመብራትና በዓይን መጠበቅ አይታሰብም።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ግን የመጀመሪያው ፍቺ ነው፤ ጥያቄው «ማሽኑ አለ ወይ? ምን ያህልስ ተጨናንቋል?» የሚል ነበር። ትልቁ የአስተሳሰብ ለውጥ የመጣው በዳታቤዝ በኩል ነው። እስከ 1990ዎቹ ድረስ የዳታቤዝ አስተዳዳሪዎች ጤንነትን የሚለኩት በምጣኔ ነበር፤ ከሁሉ የታወቀው ከተጠየቀው መረጃ ውስጥ ስንት በመቶው ከዲስክ ሳይነበብ ከፈጣኑ ማስታወሻ እንደተገኘ የሚናገረው ነበር። 99 በመቶ የሚል ቁጥር ሲታይ ሁሉም ሰላም ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይሁን እንጂ አንድ በክፉ የተጻፈ ጥያቄ ያንኑ የማስታወሻ ክፍል ሚሊዮን ጊዜ እየደጋገመ ቢያነብ ምጣኔው ያማረ ይሆናል፣ ባለጉዳዩ ግን መስኮቱ ሥር እንደቆመ ይውላል። ምጣኔ የማሽኑን ትጋት እንጂ የሰውን ጊዜ አይለካም።

በ1992 የወጣው የኦራክል ሰባተኛ እትም ለዚህ መፍትሔ የሚሆን ነገር ይዞ መጣ። ዳታቤዙ የአንድ ተጠቃሚ ሥራ የቆመበትን ምክንያት ሁሉ ስም እየሰጠ መመዝገብ ጀመረ፤ ዲስክ ከመጠበቅ፣ ሌላ ሰው የያዘውን ቁልፍ ከመጠበቅ፣ ከኔትወርክ መልስ ከመጠበቅ የትኛው ስንት ጊዜ እንደወሰደ ተለይቶ ታወቀ። ለምሳሌ አንድ የሽያጭ ቅጽ ለመመዝገብ 10 ሰከንድ ቢወስድ፣ ከእርሱም 1 ሰከንዱ ስሌት፣ 2ቱ የዲስክ ንባብ፣ 7ቱ ሌላ ሠራተኛ ያልዘጋውን መዝገብ መጠበቅ ቢሆን፣ አዲስ ሰርቨር መግዛት ዋጋ እንደሌለው ከሒሳቡ ይነበባል፤ የማሽኑ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚተርፈው ከሁለት ሰከንድ አይበልጥም። አንዮ ኮልክና ኬሪ ሚልሳፕን የመሰሉ ባለሙያዎች ይህን የጥበቃ ሒሳብ ወደ ሥርዓት ያለው ዘዴ አሳደጉት፤ የሚልሳፕ መጽሐፍ በ2003 ታተመ። በዚያው ዓመት የወጣው የኦራክል አሥረኛ እትም በየሰዓቱ የራሱን ሁኔታ እያነሣ ማስቀመጥ፣ በየሰከንዱም ማን ምን እንደሚጠብቅ መመዝገብ ጀመረ። ነገር ግን ኩባንያው ይህን ማኅደር ለማንበብ ከዳታቤዙ ዋጋ በላይ የተለየ ፈቃድ እንዲገዛ ደነገገ፤ ብዙ ድርጅቶች የራሳቸው ሲስተም ስለ ራሱ የጻፈውን ለማየት ሌላ ክፍያ እንዳለበት የተረዱት ከገዙት በኋላ ነው። ሌሎች ነጋዴዎች ያንኑ ቁጥር በሌላ መንገድ የሚሰበስቡ መሣሪያዎችን ይዘው ገበያ የወጡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

መውደቅና መዘግየት ለንግድ ቤት ምን ያህል እንደሚያስከፍሉ በአደባባይ የታየው በሳን ሆዜ ነው። የኢንተርኔት ጨረታ ገበያው ኢቤይ ጁን 10 ቀን 1999 ወድቆ ለ22 ሰዓታት ያህል ተዘጋ፤ ምክንያቱ የዋናው ዳታቤዝ መበላሸት ነበር፣ በቶሎ ሥራውን የሚረከብ ተጠባባቂ ሲስተምም አልተሟላም ነበር። ኩባንያው ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ክፍያ ለሻጮች ሊመልስ ተገደደ፣ የአክሲዮኑ ዋጋም በቀናት ውስጥ ክፉኛ ወረደ። ከዚያ በኋላ ክትትል ከቴክኒክ ክፍል ወጥቶ የቦርድ ጉዳይ ሆነ። በኢትዮጵያም በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በንግድ ባንክ የደረሰው ሁኔታ የዚሁ ነገር ሌላ ገጽታ ነው፤ እዚያ ሲስተሙ አልቆመም፣ ይልቁንም እየሠራ ሳለ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ቻሉ፣ ባንኩም የተወሰደውን 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎ አስታወቀ። ማሽኑ መኖሩን ብቻ የሚያረጋግጥ ጠባቂ እንዲህ ያለውን ጥፋት የሚያይ ዓይን የለውም።

በዚያ ጊዜ አካባቢና ከዚያ በኋላ የመጡት ኩባንያዎች የተጠቃሚውን ጥበቃ ከዳታቤዙ አልፈው በፕሮግራሙ ውስጥ ሁሉ ለመከተል ሞከሩ። በ1998 በሉ ሰርን የተመሠረተው ዋይሊ በሚሠራ ፕሮግራም ውስጥ የመለኪያ ኮድ የማስገባትን ዘዴ ለንግድ አበቃ፤ ሰርን በ2008 በሳን ፍራንሲስኮ ኒው ሬሊክን ሲመሠርት ያንኑ ሥራ በኢንተርኔት በኪራይ የሚሰጥ አደረገው። በዚያው ዓመት ጆቲ ባንሳል አፕዳይናሚክስን መሠረተ። በ2003 የተቋቋመው ስፕላንክ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ፤ ከሲስሎግ ዘመን ጀምሮ ማንም ሳያነበው የሚከማቸውን የመዝገብ ጽሑፍ ሁሉ ሰብስቦ እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚፈለግ አደረገው፣ ዋጋውንም በየቀኑ በሚገባው የጽሑፍ መጠን ላይ መሠረተ። የሳን ሆዜው ሲስኮ አፕዳይናሚክስን በ2017 በ3.7 ቢሊዮን ዶላር፣ ስፕላንክን በ2024 በ28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በመግዛቱ፣ ሙያው ራማክ ወደተሠራባት ከተማ ተመልሶ ገባ።

ሌላው መስመር ከማውንቴን ቪው ይነሣል። ጎግል ለራሱ የሠራውን ቦርግሞን የተባለ የክትትል ሥርዓት ያውቁ የነበሩ ማት ፕራውድና ጁሊየስ ቮልዝ በ2012 በበርሊን ፕሮሜቴየስን ጻፉ፤ ሰርቨሮቹን በየጥቂት ሰከንዱ እየዞረ ቁጥራቸውን የሚቀዳ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በ2016 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው ሃኒኮምብ ደግሞ ከቁጥጥር ሳይንስ የተወሰደውን «ከውጭ አይቶ የውስጡን የመረዳት ችሎታ» የሚል ጽንሰ ሐሳብ በገበያው ውስጥ አስፋፋ፤ ፍሬ ነገሩ አስቀድሞ ለታሰበ ጥፋት ማስጠንቀቂያ መትከል አይበቃም፣ ያልታሰበውን ለመጠየቅ የሚያስችል ዝርዝር መያዝ ያሻል የሚል ነው።

ዛሬ በሳን ሆዜም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ድርጅት የክትትል ሶፍትዌሮችን ሲያወዳድር ብዙ ጊዜ የሚመለከተው የገጹን ውበትና የዋጋውን ሠንጠረዥ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መሣሪያ የተወለደበትን ጥያቄ ይዞ ይኖራል፤ ከኔትወርክ ዘመን የመጣው መኖርና አለመኖርን፣ ከበርክሌይ የመጣው የብዙ ማሽኖችን ጭነት፣ ከኦራክል የመጣው የጥበቃን ምክንያት፣ ከስፕላንክ የመጣው የተጻፈውን ሁሉ ይመልሳል። የዋጋው አቆጣጠርም እንዲሁ ይለያያል፤ በማሽን ቁጥር የሚከፈለው ማሽን ለሚያበዛ፣ በጽሑፍ መጠን የሚከፈለው ብዙ ለሚመዘግብ ይከብዳል፣ ነፃው ደግሞ ዋጋውን በሚያስተዳድረው ባለሙያ ደመወዝ ያስከፍላል።

ስቶንብሬከር ከኢንግረስ ቀጥሎ በ1986 በበርክሌይ የጀመረው ፖስትግረስ በ1996 ፖስትግረስኪውኤል የሚለውን ስም ይዞ በበጎ ፈቃደኞች እጅ አደገ፤ ነገር ግን ለብዙ ዓመታት ተጠቃሚው ምን እንደሚጠብቅ በዝርዝር አይናገርም ነበር። በ2016 የወጣው 9.6 እትሙ በሥራ ላይ ያሉትን ተጠቃሚዎች በሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ላይ የጥበቃውን ዓይነትና ስም የሚያሳዩ ሁለት አምዶች ጨመረ። ኦራክል በ1992 የጀመረው ቆጠራ ከ24 ዓመት በኋላ የፈቃድ ክፍያ ለሌለበት ለዚህ ዳታቤዝም ደረሰ፤ በቴሌግራፍ ጎዳና ያለ የአንድ ትንሽ ሱቅ ባለቤትም፣ ባለሙያ ካለው፣ የሽያጭ መዝገቡ ለምን እንደዘገየ በአንድ መስመር ጥያቄ ለማየት በቃ።