ጉልበትና ልጓም፤ የሞተርና የካምቢዮ ቅየራ ታሪክ ከአሜሪካ እስከ ጋይንት

ሞተርን ከሰው ልብ ጋር ማመሳሰል የተለመደ ነው። ንጽጽሩ ግን እውነቱን በግማሽ ብቻ ይነግረናል። የሞተር ጉልበት በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮ፣ በዘንግና በዲፈረንሻል አልፎ ጎማ እስኪደርስ ድረስ ብዙ መጋጠሚያ ያቋርጣል፤ ከጎማ ከደረሰ በኋላም የሚይዘው ፍሬን ይፈልጋል። ስለዚህም የአንዱን መኪና ሞተር አውጥቶ በሌላው መኪና ላይ የመትከል ሥራ ሲመረመር፣ ታሪኩ ከጉልበት ይልቅ የመጋጠሚያና የልጓም ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ታሪክ ከአሜሪካ አንሥቶ በኩባ በኩል ወደ አገራችን ያመጣና፣ በመጨረሻ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አቀበትና ቁልቁለት ላይ ይመዝነዋል። የአሜሪካና የኩባ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ግን በራሳችን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ከትርፍ የተወለደ ጥበብ

የፎርድ ኩባንያ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠርቶ አወጣ። የዚህ መኪና ሞተር 20 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ተተኪው ሞዴል ኤ ወደ 40 ከፍ አለ። በ1932 ግን ኩባንያው ስምንት ሲሊንደር ያለውን የቪ ቅርጽ ሞተር ባንድ ወጥ ብረት አቅልጦ በማውጣቱ፣ 3.6 ሊትርና 65 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ለተራው ሕዝብ በሚደረስ ዋጋ ቀረበ። ከዚያ በፊት ስምንት ሲሊንደር የባለጸጎች ንብረት ነበር።

ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ፣ የተጋጩና የተጣሉ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪኖች በአሮጌ ብረት መጣያዎች ተከማቹ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ወጣቶች ይህን ሞተር በርካሽ እየገዙ በቀላሉ የሞዴል ኤ አካል ላይ ይተክሉ ጀመር። በደረቁ ሐይቆች ሜዳ ላይ የሚደረገውን የፍጥነት ውድድር የሚመራ ማኅበርም በ1937 ተቋቋመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሠራዊቱ ውስጥ የመካኒክነት ሙያ የቀሰሙ ወጣቶች ሲመለሱ ሥራው ተስፋፋ፤ እነዚህ መኪኖችም ሆት ሮድ ተባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ፎርድ እስከ 1938 ድረስ በመኪኖቹ ላይ ያደርግ የነበረው ፍሬን በብረት ዘንግና በሽቦ የሚሳብ ነበር፤ በዘይት ግፊት የሚሠራውን ፍሬን ያስገባው ከ1939 ሞዴል ጀምሮ ነው። ጠንቃቆቹ ሠሪዎች ሞተሩን ካሳደጉ በኋላ የ1939ን ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን ፍሬን ፈትተው ወደ አሮጌው መኪና አዛወሩ። እንግዲህ ሙያው ገና በልጅነቱ ጉልበት የጨመረ ልጓምም መጨመር እንዳለበት ተረድቶ ነበር።

በ1949 ካዲላክ 160፣ ኦልድስሞቢል ደግሞ 135 የፈረስ ጉልበት ያላቸውን አዳዲስ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሮች አወጡ። እነዚህም ወዲያው ወደ ሌሎች መኪኖች ተሻገሩ፤ የካዲላክ ሞተር የተተከለበት ስቱድቤከር ስቱዲላክ የሚል ስም እስከ ማግኘት ደረሰ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጋብቻ የራሱን ማገናኛ ሰሌዳ፣ የራሱን የሞተር መቀመጫና የራሱን ዘንግ ይጠይቅ ነበር።

ችግሩን ያቃለለው በ1955 የወጣው የሸቭሮሌ ሞተር ነው። 4.3 ሊትርና 162 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱም ከዘመኑ አቻዎቹ ያነሰ ነበር። ለቀያሪዎች የጠቀመው ግን ከሁሉ በላይ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው የብሎን አቀማመጥ ነው። ደወል መሰሉ ሽፋን የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሳይለወጡ በመቆየታቸው፣ ያንዱ ዘመን ካምቢዮ ለሌላው ዘመን ሞተር ከሞላ ጎደል ይገጥም ነበር። ዕውቅናውን ጉልበቱ ቢያስጀምረውም ያቆየው መጋጠሚያው ነው።

የካምቢዮው ታሪክም እንዲሁ ነው። በ1950 የወጣው የሸቭሮሌ አውቶማቲክ ካምቢዮ ሁለት ማርሽ ብቻ ነበረው። በ1969 የመጣው ቱርቦ ሃይድራማቲክ 350 ሦስት ማርሽ ሲኖረው፣ በ1982 የወጣው 700 አር 4 አራት ሆነለት። የቀድሞው አንደኛ ማርሽ ምጥጥን 2.52፣ የኋለኛው 3.06 በመሆኑ፣ በዚያው ሞተር መነሻ ላይ የሚገኘው የመጎተት ኃይል በ21 በመቶ ያህል ይጨምራል። አራተኛው ማርሽ 0.70 ስለሆነም ሞተሩ በሜዳ ላይ በ30 በመቶ ቀስ ብሎ ይዞራል። ነገር ግን የዚህን ካምቢዮ የዘይት ግፊት ከነዳጅ መስጫው ጋር የሚያስማማ አንድ ሽቦ አለ፤ ሽቦው በትክክል ካልተስተካከለ ጥሩው ካምቢዮ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። በ1997 የመጣው ኤል ኤስ 1 ሞተር ደግሞ በኮምፒዩተር የሚመራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መጋጠሚያው ብሎንና ሰሌዳ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የኤሌክትሪክ መስመርም ሆነ።

ከእጦት የተወለደ ጥበብ

በአሜሪካ ይህን ሙያ የወለደው ትርፍ ሲሆን በኩባ የወለደው እጦት ነው። አሜሪካ በ1960 ጀምራ በ1962 ባጠናከረችው የንግድ ዕገዳ ምክንያት ለሸቭሮሌዎቹና ለቢዩኮቹ መለዋወጫ ተቋረጠ። ኩባውያን መካኒኮችም የሶቪየት ቮልጋ ሞተሮችንና የናፍጣ ሞተሮችን በአሜሪካ መኪኖች ውስጥ እየተከሉ እስከ ዘመናችን አደረሷቸው። አሜሪካዊው ለፍጥነት ያደረገውን ኩባዊው ለዕለት እንጀራው አደረገው፤ የምሕንድስናው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

አገራችን የምትቀርበው ለኩባ ነው። የመጀመሪያው መኪና ለዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ከቀረበ ወዲህ ኢትዮጵያ የብዙ አገር ሥሪት መኪኖች መገናኛ ሆናለች። በ1928 የገባው የኢጣሊያ ወራሪ ጦር በ1933 ሲባረር የሙያ ቃሎቹን ትቶ ሄደ፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራና ቮላኖ የምንለው ከዚያው ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአሜሪካውያን ባለሙያዎች ርዳታ ሲቋቋም የአሜሪካ መሣሪያዎች ተከተሉ፤ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከኢጣሊያው ፊያት 124 የተወለደችው የሶቪየት ላዳና ከባድ የሶቪየት መኪኖች በብዛት ገቡ፤ የጃፓን መኪኖችም ገበያውን ያዙ።

በእንዲህ ያለ ድብልቅ ውስጥ ሞተር ሲሞት ባለንብረቱ ሦስት መንገድ ይቀርብለታል። አንደኛው ማደስ፣ ሁለተኛው ያንኑ ዓይነት ያገለገለ ሞተር መተካት፣ ሦስተኛው ሌላ ዓይነት ሞተር መትከል ነው። ሦስተኛው መንገድ፣ በተለይም የቤንዚን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ መትከል፣ ርካሽ መስሎ ሲታይ በብዙ መጋጠሚያ የሚፈተን ነው። የሞተሩ ዋና ዘንግና የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ባንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ኩሽኔታና ፍሪሲዮን ያልቃሉ፤ በጥንቃቄ የሚሠሩ አሜሪካውያን ባለሙያዎች የሚታገሡት ስሕተት 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን በዓይን መገመት አይቻልም።

የጋይንት ሚዛን

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራ ነው። የጉና ተራራ ከባሕር ወለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በዚህ አገር ላይ ይቆማል፤ ነፋስ መውጫ ራሷም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ 74 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር እዚያ ሲደርስ ከሩብ የሚበልጠውን ጉልበቱን ያጣል። ውሃም በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ ግፊት የማይይዝ ራዲያተር በአቀበት ላይ ቶሎ ይንተከተካል። በዝቅተኛ አገር የተሞከረ ቅየራ በጋይንት ደጋ ላይ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል።

ቁልቁለቱ ግን ከአቀበቱ ይከፋል። ይህን አገሩ ከሞተር ዘመን በፊት አሳይቷል። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀለጡትንና ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋሪ አስጭነው፣ ከደብረ ታቦር በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ዋድላንና ደላንታን አቋርጠው ወደ መቅደላ ወሰዱ። መንገዱን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ አስጠረጉት፤ ጉዞውም ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በአቀበቱ የጎተተው በመቶ የሚቆጠር ሰው፣ ወደ ጅዳና ወደ በሸሎ ሸለቆዎች ሲወረድ ወደ ኋላ የሚይዝ ልጓም መሆን ነበረበት። ሸክሙን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ጉልበት ለመያዝም አስፈልጓል።

ይህ በቁጥር ሊገለጽ ይችላል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ከደጋው ወደ ሸለቆ 1,000 ሜትር ቢወርድ፣ ወደ 20 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ይለቃል። ይህ 60 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ነው። የጎማና የነፋስ መከላከል ከሚወስደው ድርሻ በቀር ሁሉንም የሚሸከሙት ፍሬኑና ሞተሩ ናቸው። ከስማዳ ደጋ ወደ በሸሎ፣ ከእስቴም ወደ አባይ ገባሮች ሸለቆ የሚወርድ ሰው ይህን ስሌት በእግሩ ጫማ ያውቀዋል።

ሞተር ሲቀየር ይህ ሚዛን በሁለት ስፍራ ይናጋል። አንደኛ፣ የቤንዚን ሞተር አየር በሚያንቅ በር ስለሚሠራ በቁልቁለት መኪናውን ወደ ኋላ ይይዛል፤ የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ በር ስለሌለው የጭስ መዝጊያ ፍሬን ካልተጨመረለት አያያዙ ደካማ ነው። ሁለተኛ፣ የእግር ፍሬንን የሚያግዘው መሣሪያ በቤንዚን መኪና የሚሠራው ከሞተሩ በሚገኝ የአየር መሳብ ነው። የናፍጣ ሞተር ይህን ስለማይሰጥ፣ የአየር መሳቢያ ፓምፕ አብሮ ካልተተከለ የፍሬኑ መርገጫ ይደድራል። መኪናው በሜዳ ላይ ሲሞከር ጉድለቱ በጉልህ ላይታይ ይችላል፤ ቁልቁለቱ ግን ይገልጠዋል። ዋጋውን የሚከፍሉትም ሞተሩ መቀየሩን ፈጽሞ ያልሰሙ ተሳፋሪዎች ናቸው።

የባለሙያው ድርሻ

የሞተርና የሻሲ ቁጥር በሊብሬ ላይ መጻፉ ባለቤትነትን ለማወቅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የመኪናን ምርመራና ምዝገባ በሕግ አጣምሯል። ቁጥሩ ግን ሞተሩ የየትኛው እንደሆነ ይናገራል እንጂ፣ ፍሬኑ ለአዲሱ ጉልበት መብቃቱን፣ ዘንጉ መስተካከሉን፣ የፊት ባሌስትራው ክብደቱን መቻሉን አይናገርም። ያን መናገር ያለበት መሐንዲሱ ነው።

ነገሩ ዛሬ የበለጠ ያሳስባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በአገር ውስጥ ያሉት ነባር መኪኖች እንግዲህ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ይፈለጋል፤ ዕድሜያቸውን ከሚያራዝሙት መንገዶች አንዱም ሞተር ቅየራ ነው። የነዳጅ ሞተርን በኤሌክትሪክ ሞተር የመተካት ጥያቄ ሲመጣም የባትሪው ክብደት ያንኑ የልጓም ጥያቄ መልሶ ያነሣዋል።

ስለዚህ ቅየራ የሚያካሂድ ወይም የሚመረምር ባለሙያ ሁሉ የመጋጠሚያውን ንድፍ በወረቀት አስፍሮ ቢያስቀምጥ፣ የክብደቱን ለውጥ በፊትና በኋላ ጎማ ለይቶ ቢመዝን፣ ሙከራውንም በሜዳ ብቻ ሳይወስን ሸክም ባለበት ረጅም ቁልቁለት ላይ ቢፈጽም፣ የጋራዡ ሰው በልምድ ያገኘውን ጥበብ ለተከታዩ ትውልድ የሚተላለፍ ዕውቀት ያደርገዋል። ከነፋስ መውጫም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ የሚነሣ መንገደኛ ስለ ሞተሩ ጉልበት አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ከቁልቁለቱ ግርጌ በሰላም መድረስን ነው።